ኮርማ ላይ 8 ሰከንድ ቆይቶ የዓለም ሻምፒዮን? የሚያውቅ ያስረዳኝ

ጣና ዳር

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል፣ የምሬን ነው። ምሳ ተወራርጄበታለሁ።

ባሕር ዳር ባጃጅ ነው የምነዳው። የእህቴ ባል ላስ ቬጋስ ይኖራል። በየዓመቱ ኅዳር ሊያልቅ ሲል የሮዲዮ፣ ማለት የካውቦዮች የኮርማና የፈረስ ውድድር፣ ቪዲዮ መላክ ይጀምራል፣ ታኅሣሥ ገብቶም አያቆምም። በኛ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ እዚያ ገና መምሸቱ ስለሆነ፣ ለሥራ ስነሣ ስልኬን ሞልቶት አገኛለሁ። መጀመሪያ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። አንድ ቀን አንዱን ከፈትኩት። ልጁ ኮርማው ላይ ተቀምጧል፣ አንድ እጁ ገመድ ውስጥ ነው፣ አንድ እጁ አየር ላይ፣ በሩ ሲከፈት ኮርማው እንደ እብድ እየተሽከረከረ ወጣ፣ ልጁ ዘሎ ወረደና ባርኔጣውን ወረወረ፣ ሕዝቡ ጮኸ። አለቀ። ይሄ ምኑ ነው ውድድር አልኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈትኩ። ከዚያማ ሱስ ሆነ። ተራ ስጠብቅ እሱን ሳይ ወረፋዬ ያለፈኝ ቀን አለ።

ጥያቄው ይሄውላችሁ። ትልቁ ውድድር፣ ብሔራዊ ፍጻሜ የሚሉት፣ አሥር ሌሊት ነው የሚካሄደው። ጓደኛዬ፣ እሱም ባጃጅ ነው፣ የመጨረሻውን ሌሊት ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል ባይ ነው። ስሙ ራሱ ፍጻሜ አይደል እንዴ ይላል። እኔ ደግሞ የአሥሩ ሌሊት ነጥብ ተደምሮ ነው አልኩ። ችግሩ፣ ሁለት ሦስት ሌሊት አፈር የቃመ ሰው ሻምፒዮን ሊሆን ይችላል ብሎ የእህቴ ባል ነገረኝ። ያ ከሁለታችንም ጋር አልሄድ አለ።

ምሳው ቆሮሶ ጥብስ ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ ከገና በኋላ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ እንዳትከፍቱብኝ፣ ባለፈው የተከፈተው ገና አልተዘጋም።)

ሁለት ትርፍ ጥያቄ። ኮርማው እንዲፈነጭ እዚያ ቦታው ላይ በገመድ ያስሩታል የሚባለው እውነት ነው? ደግሞስ እንጅባራ ጥር 23 ያ ሁሉ ፈረሰኛ ወጥቶ ሲጋልብ እኛ ለምን እንዲህ ዓይነት ሻምፒዮና አይኖረንም?

የቬጋሱ ታክሲ

ወንድሜ፣ እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ታክሲ ከያዝኩ ብዙ ዓመቴ ነው። መልሱን ልንገርህ፦ ሁለታችሁም ተበልታችኋል።

ሻምፒዮኑን የሚለየው ብር ነው። ነጥብም አይደለም፣ የመጨረሻው ሌሊትም አይደለም። አንድ ዶላር አንድ ነጥብ በለው። ዓመቱን ሙሉ በየከተማው ሮዲዮ አለ፣ እነዚህ ልጆች ከአንዱ ወደ አንዱ ይነዳሉ፣ ባሸነፉ ቁጥር የሚያገኙት ገንዘብ በስማቸው ይመዘገባል። በፈረንጅ መስከረም ማብቂያ ላይ መዝገቡ ይዘጋል። በየውድድሩ ዓይነት ብዙ ብር ያገኙት 15 ሰዎች ብቻ ቬጋስ ይመጣሉ። ባዶ እጃቸውን ግን አይጀምሩም፣ ዓመቱን የሠሩትን ይዘው ነው የሚመጡት። እዚህ ደግሞ በእያንዳንዱ ሌሊት ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት ይከፈላቸዋል፣ አንደኛው በዚህ ሰሞን ዋጋ በአንድ ሌሊት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ያፍሳል። በአሥሩ ሌሊት ድምር ለሚበልጡትም ሌላ ክፍያ አለ። ሁሉም ተደምሮ ብዙ ዶላር ያለው የወርቅ ዘለበት ያለበትን ቀበቶ ይታጠቃል። ዋንጫ ምናምን ብለው አያወሩም። ዘለበት ነው። «ስንት ዘለበት አለው?» ነው የሚባለው።

ስለዚህ የእህትህ ባል ልክ ነው። ዓመቱን በደንብ የሠራ ሰው እዚህ ሦስት ሌሊት ቢወድቅም፣ በቀሩት ሌሊቶች ካገኘ ሊበልጥ ይችላል።

ነጥብ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ነጥቡ የዚያን ሌሊት ደረጃ ለመለየት ነው። ኮርማና ያልተገራ ፈረስ ላይ ሲሆን ከመቶ ይታረማል፣ ግማሹ የሰውየው፣ ግማሹ የእንስሳው ነው። አዎ፣ ኮርማውም ይታረማል። ሰነፍ ኮርማ ከደረሰህ አንተ ምንም ብትጎብዝ ከፍ ያለ ነጥብ አታገኝም። ለዚህ ነው ካውቦዮቹ ክፉ ኮርማ እንዲደርሳቸው የሚጸልዩት። 8 ሰከንድ መሙላት አለብህ፣ በባዶው እጅህ እንስሳውን ከነካህ ደግሞ ዜሮ። መቶ ከመቶ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ዌድ ሌስሊ ይባላል፣ በፈረንጅ 1991 ኦሬገን ውስጥ በአንድ ትንሽ ከተማ ሮዲዮ ላይ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ጥጃ በገመድ መጥለፍና በፈረስ በርሜል መዞር ላይ ዳኝነቱ ቀላል ነው፣ ሰዓት ነው።

ደሞዝ የሚባል የለም። ለመመዝገቢያ የሚከፍለው ራሱ ነው፣ ነዳጁ የራሱ፣ አልጋው የራሱ። የወደቀ ቀን ባዶ ኪሱን ይዞ አምስትና ስድስት መቶ ኪሎሜትር ወደሚቀጥለው ከተማ ይነዳል። ባጃጅ ነጂ ስለሆንክ ይገባሃል፣ ሰው ሳትጭን የዋልክበትን ቀን አስብ፣ በዚያ ላይ ጎንህን ኮርማ ረግጦህ።

ብሔራዊ ፍጻሜው በ1959 ዳላስ ነው የተጀመረው። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ነበረ፣ ከዚያ ኦክላሆማ ሲቲ 20 ዓመት ቆየ፣ ከ1985 ጀምሮ ቬጋስ ነው። በ2020 ብቻ በኮሮና ምክንያት ቴክሳስ፣ አርሊንግተን ሄዷል። አዳራሹ የዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው፣ አፈር በመኪና እያመጡ ይደለድሉበታል። እኛ ሐበሻ ሹፌሮች እነዚህን አሥር ቀናት እንወዳቸዋለን። ከተማው ባርኔጣ ብቻ ይሆናል። አንድ ነገር ልንገርህ፣ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ የሚያደርገው ካውቦይ ነው። አናቱ ላይ እንዳደረገ ጣራዬን የሚገፋው ቱሪስት ነው።

ዓባይ ማዶ

ተወራራጁ ጓደኛ እኔ ነኝ። እሺ ብር ነው። ግን ብሩ የሚያልቀው በመጨረሻው ሌሊት አይደል? ስለዚህ እኔ እቀርባለሁ።

የቬጋሱ ታክሲ

አትቀርብም። ከመጨረሻው ሌሊት በፊት የአንዱ ብር የማይደረስበት ሆኖ ነገሩ ያለቀበት ጊዜ ሞልቷል።

ዝም አልልም

ስለ ሻምፒዮኖቹ አውሩ እንጂ! ሕግ ሕግ አትበሉብን። እኔ የማውቀው ሌን ፍሮስትን ነው። የ1987 የኮርማ ሻምፒዮን፣ ገና 25 ዓመቱ ነበር፣ ከኮርማ ላይ ወድቆ የሞተው። አንጀት የሚበላ ታሪክ ነው።

የቬጋሱ ታክሲ

ታሪኩ ልክ ነው፣ አንዱ ነገር ግን አይደለም። ወድቆ አይደለም የሞተው። ይሄ ልዩነት እዚህ ላሉት ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፣ አንዴ ለአንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ያንተን ብዬው ሙሉ መንገድ ሲቆጣኝ ነው የደረስነው።

በፈረንጅ ሐምሌ 30፣ 1989፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ቼየን ከተማ። የቼየኑ ሮዲዮ ከ1897 ጀምሮ የሚካሄድ ነው፣ ከአድዋ በዓመቱ ማለት ነው። ሌን 8 ሰከንዱን ሞልቶ በሰላም ወረደ። ጨርሷል። ጭቃው ላይ እጁን አስደግፎ ሊነሣ ሲል ኮርማው ዞሮ ከኋላ ጎኑ ላይ በቀንዱ መታው። ተነሣ፣ ጥቂት ተራመደ፣ ወደቀ። የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ኮዲ ላምበርት የሚባል ጓደኛው እዚያው ቆሞ ያይ ነበር። እሱ ነው ከዚያ በኋላ ደረትና ጎን የሚከላከለውን ሰደርያ የሠራው። አሁን በቪዲዮ ስታዩ ሁሉም ኮርማ ጋላቢ ጥቁር ነገር ደረቱ ላይ ለብሷል አይደል? እሱ ነው።

ሌላው ጓደኛቸው ተፍ ሄደማን ይባላል። የዚያኑ ዓመት ታኅሣሥ ቬጋስ መጣ፣ የመጨረሻው ሌሊት ኮርማው ላይ 8 ሰከንድ ሞላ፣ ደወሉ ተደወለ። አልወረደም። ለጓደኛው ብሎ ሌላ 8 ሰከንድ ጨመረ። የዓለም ሻምፒዮንም ሆነ። እዚህ ዕድሜው ገፋ ያለ ካውቦይ ስትጭን ስለዚያ ሌሊት ጠይቀው፣ መንገዱ ያጥረዋል።

ስለዚሁ ሰው አንዷን ልጨምር። ቦዳሸስ የሚባል ኮርማ ነበረ፣ ቢጫ ነገር፣ ከስምንት መቶ ኪሎ በላይ። ሲዘል አንገቱን ወደ ኋላ የመወርወር ጠባይ ነበረው፣ ጋላቢው ወደፊት ሲያዘነብል ፊት ለፊት ይገጫሉ። በ1995 መከር ላይ ተፍን እንዲህ መታው፣ ፊቱ ተሰባብሮ በብረት ነው የተጠገነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ብሔራዊ ፍጻሜው ላይ ዕጣ ሲወጣ የደረሰው ማን ይመስላችኋል? ያው ቦዳሸስ። ተፍ በሩ ሲከፈት ፈቀቅ አለ፣ ኮርማው ብቻውን ወጣ፣ እሱ ባርኔጣውን አንሥቶ አሰናበተው። ማንም ፈሪ አላለውም። በዚያው ሰሞን ሌላ ጋላቢ የፊት መከላከያ አድርጎ ሞከረው፣ እሱም ፊቱ ተሰበረ። ባለቤቱ ከዚያ በኋላ ኮርማውን ጡረታ አወጣው።

ሰላም የጣና

ወንዶች ስለ ወንዶች ብቻ ነው የምታወሩት። በርሜል ዙሪያ የሚጋልቡትን ሴቶች ማንም አላነሣም፣ ገረመኝ።

እኔ የማደንቃት ቻርሜይን ጄምስን ነው። በፈረንጅ 1984 ስትጀምር ዕድሜዋ 14 ነበር። አሥራ አራት! እኔ በ14 ዓመቴ ከሠፈር ውጭ ብቻዬን አልሄድም ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ቀጥሎም ሆነች። እስከ 1993 ድረስ አሥር ዓመት በተከታታይ ማንም አልወሰደባትም፣ በአንድ ፈረስ፣ ስካምፐር ይባላል። ከዚያ በ2002 በሌላ ፈረስ አሥራ አንደኛውን ጨመረች።

ውድድሩ ሦስት በርሜል በሦስት ማዕዘን ያስቀምጡና ዙረሽ ሽምጥ ትወጫለሽ። አንድ በርሜል ከጣልሽ አምስት ሰከንድ ይጨመርብሻል፣ ጠቅላላው ውድድር እኮ 13 እና 14 ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ በርሜል ጣልሽ ማለት ወደ ቤትሽ ሂጂ ማለት ነው። እና በ1985፣ ሰባተኛው ሌሊት ላይ፣ ፈረሱ ገና ሲገባ ልጓሙ ተበጠሰ። ጭንቅላቱ ላይ የሚይዘው ነገር ወለቀ በቃ። በእጇ ያለው ምንም አያዝዝም። ፈረሱ ሦስቱንም በርሜል ራሱ ዞረላት። የዚያን ሌሊት አሸነፈች።

ቪዲዮውን ለአያቴ አሳየኋት። አያቴ የዳንግላ ሰው ናት፣ ፈረስ ታውቃለች። ሁለቴ አየችውና «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አልያዘችውም» አለች። እኔ ፈረሱን ነው የማደንቀው ብዬ ነበር የመጣሁት። እውነቷን ነው ግን፣ ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ይጎትተው ነበር።

ደግሞ ጉዱን ስሙ። ስካምፐር የተኮላሸ ስለነበረ መውለድ አይችልም። ስለዚህ ከሴሉ ወስደው ክሎን አደረጉት፣ በ2006 ተወለደ፣ ክሌይተን ብለው ሰየሙት። አሁን የሱ ልጆች ናቸው የሚሸጡት። ገንዘብ ያለው ሰው የማያደርገው የለም።

ጣና ዳር

ጉድ ነው! ክሎን? ይሄንን ለጓደኛዬ ሳነብለት ውርርዱን ረሳው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የማየው ሁሉ ነጭ ነው። ጥቁር ካውቦይ የለም?

የቬጋሱ ታክሲ

አለ እንጂ። ከውድድሮቹ አንዱን፣ ከሚሮጥ ፈረስ ላይ ዘለህ ወይፈኑን በቀንዱ ይዘህ የምትጥልበትን፣ የፈጠረው ራሱ ቢል ፒኬት የሚባል የቴክሳስ ጥቁር ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ዘዴው ቀንድ መጠምዘዝ ብቻ አልነበረም፣ የወይፈኑን ከንፈር በጥርሱ ነክሶ ነበር የሚጥለው። አሁን መንከሱ ቀርቷል።

በ1982 ቻርሊ ሳምፕሰን የኮርማ ሻምፒዮን ሆነ፣ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ያደገው ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ነው፣ ገጠር እንኳ አይደለም። ቀጥሎ ፍሬድ ዊትፊልድ አለ፣ በገመድ ጥጃ ጠላፊ፣ በድምሩ 8 የዓለም ሻምፒዮንነት አለው። ከስምንቱ አንዱ የ1999 የሁለገብ ነው።

ሁለገብ ያልኩት በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ የውድድር ዓይነት ተወዳድሮ ጠቅላላ ብዙ ብር ያገኘው ነው፣ ትልቁ ማዕረግ እሱ ነው። እዚያ ላይ ትሬቨር ብራዚልን የሚደርስበት የለም። ሁለገቡን 14 ጊዜ ወስዷል፣ ከ2006 እስከ 2015 አሥሩን በተከታታይ። ሌላውንም ደምረህ 26 ዘለበት አለው። ከሱ በፊት ታይ መሬይ የሚባል ካውቦይ በሰባት ሁለገብ ነበር የሚመራው። ሰውየው ግን የገመድ ሰው ነው። «ገመድ የያዘ ዕድሜ ይኖረዋል፣ ኮርማ የጋለበ ወገቡን ይዞ ያረጃል» ብዬ እኔ ነኝ የምለው፣ የማንም አባባል አይደለም። የሚገርመው አሁን ያለው ልጅ ስቴትሰን ራይት ነው፣ ኮርማም ያልተገራ ፈረስም ይጋልባል፣ ከ2019 እስከ 2023 አምስት ዓመት ሁለገቡን ወስዷል። አባቱም ሻምፒዮን ነበረ።

የፈረሰኛ ልጅ

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም፣ ስለዚህ ትንሽ ልናገር። የእንጅባራ ሰው ነኝ፣ አሁን ልጆቼ ጋ ባሕር ዳር ነው የምኖረው።

እኛ ለምን ሻምፒዮና የለንም ላልከው ልጅ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። የተመሠረተውም ማን ይበልጣል ለማለት አይደለም። አድዋ ላይ ፈረስ ዘምቷል፣ ፈረስ ሞቷል፣ ለዚያ መታሰቢያ ነው። አድዋ የካቲት 23 ነው፣ የጊዮርጊስ ዕለት። የኛም በዓል ጥር 23 የሆነው በጊዮርጊስ ነው፣ እሱም ፈረሰኛ ነው። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ሰው ሲጣላ ያስታርቃል፣ አባል ሲሞት ፈረሰኛው በፈረሱ ለቅሶ ይወጣል። አባቴ ሲያርፍ ፈረሱን ግላሱን አልብሰው፣ ባዶ ኮርቻውን ጭነው ከፊት ሲመሩት አይቻለሁ። ለዚያ ፈረስ ዳኛ አምጥቼ ከመቶ ላሳርምለት ነው?

ግልቢያ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ሽምጡም አለ፣ ጉግሱም አለ። ጉግስ ላይ ዘንግ ይዘህ ታባርራለህ፣ የሚሸሸው ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ማን እንደበለጠ ሜዳው ዳር ያለ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ማታ ጠላ ቤት ነው የሚወራው። እዚያ ይታረማል።

አንድ ነገር ግን ከናንተ ወሬ ወደድኩ። ኮርማው ግማሹን ነጥብ ያገኛል ያላችሁትን። እኛም እንደዚያ ነን እኮ። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ የምንለው በፈረሱ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ጀግና ሲፎክር የፈረሱን ስም ጠርቶ ነው። እነሱ ለእንስሳው ግማሽ ሰጡት፣ እኛ ስማችንን ሰጠነው።

ዝም አልልም

ጋሼ እጅ ነሣሁ። ይሄ መልስ ተለጥፎ ይቀመጥ።

ዘንዘልማ

ጋሼ ያሉት ደስ ይላል፣ እኔ ግን ትንሽ ልበርዝ። ዘንዘልማ ነው የተማርኩት፣ እንስሳት ሥራዬ ነው።

የገመዱን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። እዚያ ቦታው ላይ አይታሰርም። ከኋላ እግሮቹ ፊት፣ ሆዱ በሚያበቃበት ሽንጡ ላይ ነው የሚታሰረው። ለፈረስ ሲሆን በበግ ቆዳ ይለበጣል። ስለማይመቸው በኋላ እግሩ ይፈነጫል፣ ሲፈታለት ይተዋል። ዋናው ምክንያት ግን ዘሩ ነው። እነዚህ ኮርማዎች ለመፈንጨት እየተመረጡ የሚዳቀሉ ናቸው፣ እኛ ላም ለወተት እንደምንመርጠው። ሬድ ሮክ የሚባለው ኮርማ 309 ሰው አሽቀንጥሮ ጥሎ ማንም 8 ሰከንድ አልሞላበትም ነበር፣ በ1988 ያ ሌን ፍሮስት ነው ሰባት ጊዜ ገጥሞት አራቱን የሞላው። ገመድ ብቻ እንዲህ አያደርግም። የፎገራ ኮርማ ሽንጡ ላይ ገመድ ብታስርበት ዞሮ ያይህና ሣሩን ይቀጥላል።

እኔን የሚከብደኝ ጥጃው ነው። እየሮጠ አንገቱ በገመድ ተይዞ ሲገለበጥ። ኮርማው ቢያንስ መልስ ይሰጣል። እንግሊዝ አገር በፈረንጅ 1934 በወጣ ሕግ በገመድ መጣሉን ስለከለከሉ እንዲህ ያለ ሮዲዮ እዚያ አይካሄድም። አሜሪካም ውስጥ በየዓመቱ የሚከራከሩበት ነገር ነው፣ ውድድሩ ላይ የእንስሳት ሐኪም መኖሩ ግዴታ ቢሆንም።

ይሄን ካልኩ በኋላ፣ ነገ ጠዋት ገበያ ስትሄዱ የጋሪ ፈረሶቻችንን ጀርባ እዩ። ከቁስሉ በላይ ጭነት የሚጫንበትን። ቬጋስ ድረስ ሄደን ለኮርማ ከማዘናችን በፊት።

የቬጋሱ ታክሲ

በጥጃው እስማማለሁ። እኔም ያንን ክፍል ሲደርስ ዓይኔን ወደ ስልኬ አደርጋለሁ። በኮርማው ግን አልስማማም፣ የኮርማ ኑሮማ እኔ ከምኖረው ይሻላል። በሳምንት 8 ሰከንድ ሠርቶ ሐኪሙ፣ ምግቡ፣ መኪናው ሁሉ አለለት።

ዘንዘልማ

8 ሰከንድ የሚሠራ ባጃጅ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ዓባይ ማዶ

ወደ ቆሮሶው እንመለስ። ሁለታችንም ከተሸነፍን ማን ይከፍላል? እንደ ሮዲዮው ከሆነ ብዙ ብር ያለው አሸናፊ ነው፣ አሸናፊ ደግሞ አይከፍልም። ትናንት የገባልህን ንገረን።

ጣና ዳር

የገባልኝን አልናገርም፣ ጎማ ቀይሬያለሁ። ግማሽ ግማሽ እንከፍላለን፣ ተስማማን፣ የሰላምን አያት እንጋብዛለን። አያትሽ ዓሣ ይበላሉ?

ሌላው፣ ለጥር 23 እንጅባራ ልንሄድ ነው። አሁን ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ ካልሄድኩ አይሆንም። 120 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ በባጃጅ አይደለም አትፍሩ፣ የአጎቴ ልጅ መኪና አለው። ጥር 22 ከሰዓት እንነሣለን። ሁለት ሰው ቦታ አለ። የፈረሰኛ ልጅ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ከመጡ የፊተኛው ወንበር የርስዎ ነው።

ሰላም የጣና

ዓሣ አትወድም፣ እንጅባራ ግን ትሄዳለች። አንዱ ቦታ ተይዟል።

የፈረሰኛ ልጅ

እመጣለሁ። ጋቢ ያዙ፣ ሹራብም ያዙ። የባሕር ዳር ልጆች በየዓመቱ በካናቴራ ይመጡና ፈረሱን ትተው ፀሐይ ሲፈልጉ ይውላሉ።